ሩቅ ወርዋሪው

ምስራን በምላሱ አልዋሸም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነግሮታል፤ ከንጋት ሶላት በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ደግሞም የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ተሸክሞ በኮኮናቱ መሐል ወደ ባሕሩ ሲወርድ። «አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት» ይላል። እንዲህ ሲል ዓመት ሞላው። ልክ እንናገር ከተባለ ግን ዝም እንኳ አላለም። «በርታ ልጄ፣ ትንሽ ራቅ አድርገው» ይል ነበር።

ልጄ የሚለው የሴት ልጁን ባል ነው። ሙኽላሲን ይባላል፤ ጎመንና ድንች ከሚበቅልበት ከወኖሶቦ ተራራ የወረደ፣ ባሕርን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ያየ ሰው። ምስራን ከቱርሲህ ሌላ ልጅ የለውም። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አብስሎ ያበላት፣ ፀጉሯን አበጥሮ ትምህርት ቤት የሰደዳት እሱ ነው። ልትዳር ስትል «አባቴን ብቻውን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች። ሙኽላሲንም መሬቱን ለታላቅ ወንድሙ ትቶ በሚስቱ አባት ቤት ሊኖር መጣ። ሰዉ ትንሽ ሳቀ፤ ወንድ ልጅ ጓዙን ይዞ ሲመጣ መሳቁ አይቀርም። ሙኽላሲን ግን በመጣ በሦስተኛው ቀን አማቱ ፊት ተንበርክኮ፣

«ባፓክ፣ ያስተምሩኝ» አለው፤ አባቴ ማለቱ ነው። «በቤትዎ እንግዳ ሆኜ መቅረት አልፈልግም።»

ምስራን ደስ አለው። ያን ጊዜ የተሰማው ደስታ እውነተኛ ነበር።

አስተማረውም። በመጀመሪያ መንጠቆ ላይ የምትሰካውን፣ ኋልዮሽ የሚሏትን አሳየው፤ እንቁላል የምታክል፣ ማዕበሉ በተመለሰ ቁጥር በጀርባዋ እየሄደች አሸዋ ውስጥ የምትቀበር ፍጥረት ናት። እሷን ለመያዝ አጥማጁም እንደ እሷ ወደ ኋላ እየሄደ ሽቦ የታሰረበት መጫሪያ ይጎትታል። ሙኽላሲን በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ሲሄድ በቂጡ ወደቀና ዳርቻው በሳቅ ፈረሰ። መንጠቆ አስተሳሰሩን አሳየው። ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ አሸዋውን ቆንጥጦ እንዲይዝ የሽቦ እግሮቹን እንዴት እንደሚከፍት፣ ክሩን በአንድ ጣት ይዞ መቼ እንደሚለቅ፣ በክንድ ሳይሆን በወገብ እንደሚወረወር፣ ዘንጉን አሸዋ ላይ በተተከለ ቀርከሃ ሰክቶ ጫፉን እንደሚመለከት፤ ማዕበል ሲመታው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ዓሣ ሲነካው ግን ይነቀነቃል።

አንድ ነገር ነበር የቀረው፤ የት እንደሚወረወር።

ጀማሪ ሁሉ ዓሣው ሩቅ ያለ ይመስለዋል። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ዘንጉ ረጅም ነው፣ ሰውም ጉልበቱን ማሳየት ይወዳል። ዓሣው ግን ቅርብ ነው። ማዕበሉ ሩቅ ካለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ነጭ ሆኖ ይሰበራል፤ ከጉብታው ወዲህ፣ ከዳርቻው ሃያ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ቦታ፣ ጠቆር ያለ ጸጥ ያለ ውኃ አለ። ቦዩ ይሉታል። ማዕበሉ ሲመለስ ጠርጎ የሚያወርዳትን ኋልዮሽ ዓሣው እዚያ ሆኖ ይጠብቃታል። ያንን ያላወቀ ዕድሜ ልኩን ቢወረውር ክሩን ከማራስ አያልፍም።

ምስራን ይህን በማግስቱ ሊነግረው ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ጓሮ ሆኖ መረብ ሲጠግን፣ በቀርከሃው ግድግዳ በኩል ባልና ሚስቱ ሲያወሩ ሰማ።

«እጄ ይልመድ እንጂ» ይላል ሙኽላሲን፣ «ከወንዙ አፍ ማዶ ቦታ አይቻለሁ። ትንሽ ቤት እንሠራለን፤ የራሳችን።»

ቱርሲህ የመለሰችውን አልሰማም። መሳቋን ግን ሰማ።

በማግስቱ ዳርቻው ላይ ሙኽላሲን ዘንጉን አነሣና «ወዴት ልወርውር፣ ባፓክ?» አለ። ምስራን ባሕሩን አየ። ቦዩ ከፊቱ ነበር፣ ከፓንዳኑ ቁጥቋጦ ትይዩ፣ ጥቁር ሆኖ። «እስቲ ጉልበትህን አሳየኝ» አለው።

በዚያ ዳርቻ አንድ ደንብ አለ። መጀመሪያ ዘንግ ያስያዘህ ሰው መምህርህ ነው፤ ሌላ ሰው በትምህርትህ ውስጥ አፉን አያስገባም። ድሮ በዚህ የተነሣ ሁለት ቤተሰብ ስለተጣላ የወጣ ደንብ ነው ይባላል። እናም ሌሎቹ አጥማጆች ያያሉ፣ ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ። መሳቅ ግን አልተከለከለም።

«ካንግ ምስራን» ይላል ከሁሉም የሚብሰው ለካፊ ካርሶ፣ ታላቅ ወንድሙን እንደሚጠራ ሰው፣ «የአማችህ ክር አውስትራሊያ ሊደርስ ነው። ቪዛ አውጣለት እንጂ።»

«ጎመን መስሎታል» ይላል ሌላው። «ዓሣ እኮ ሥር ሰድዶ አይጠብቅህም፣ አንተ የተራራው።»

ሙኽላሲን አብሮ ይስቃል። «ይጠብቀኛል፤ እናንተን ጠልቶ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ይላል። ከዚያም ይወረውራል። የገበሬ ትከሻ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ በዚያ ዳርቻ እንደ እሱ ርቆ የሚወረውር ጠፋ። ሌሎቹ ቅርብ የሚጥሉት ጉልበት አንሷቸው ይመስለዋል። እርሳሱ እያፏጨ ከነጩ አረፋ ማዶ ይወድቃል። ቅርጫቱ ባዶውን ይመለሳል። አንዳንዴ ክሩን ሲጠቀልል መንጠቆው ቦዩን ሲያቋርጥ አንዲት ትንሽ ዓሣ ትነክስለታለች፤ «አየህ? ከሩቅ ነው የመጣችው» ይለው ነበር ምስራን። ይህች ደግሞ ዝምታ አልነበረችም።

ቱርሲህ ወዲያው አረገዘችና ሕመም በዛባት፤ ወደ ባሕሩ መውረድ ተወች። ከዚያም ወለደች። ቤቱ የሚበላው ከምስራን ቅርጫት ነበር። ምግብ ሲቀርብ ምስራን ከዓሣው ትልቁን ቁራጭ አንሥቶ የሙኽላሲን ሩዝ ላይ ያስቀምጥለታል። «ብላ ልጄ፣ ነገ ደግሞ ያንተን እንበላለን።» ሙኽላሲን አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ምስራን በዚያች ሰዓት ደረቱ ውስጥ አንድ ሙቀት ይሰማው ነበር፤ ፍቅር ነው ብሎ ያስብ ነበር። ፍቅርም ሳይኖርበት አልቀረም። ፈጣሪ ያውቃል።

በዓመቱ ሙኽላሲን ሩዙን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ።

«ባፓክ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ለባሕር አልተፈጠርኩም። ወንድሜ ለጎመኑ ሰው ቸግሮታል። ከሚመጣው ዓርብ በኋላ ብንሄድ ብዬ ነው።»

ምስራን ቱርሲህን አየ። ሕፃኑን እያጠባች ነበር፤ ቀና አላለችም። ባሏ ከወጣ በኋላ ግን አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«እኔ አልሄድም ብያለሁ» አለች። «ሦስት ቀን ተጣላን። እሱ እኔን አይሰማም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። አንድ ወር ብቻ ጨምረህ ሞክር ይበሉት። እኔ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም፣ ባፓክ።»

«እነግረዋለሁ» አላት።

በማግስቱ ንጋት ሶላቱን ሲሰግድ ሐሳቡ ሁሉ ቦዩ ላይ ነበር። ዛሬ ይነግረዋል። የአሸዋው ጉብታ ቦታ ለወጠ፣ ዓሣው ወደ ቅርብ መጣ ይለዋል፤ ባሕር ሲለዋወጥ ያለ ነው፣ ማን ይጠይቃል? ሙኽላሲን ቅርጫቱን ይሞላል፣ ይስቃል፣ ይቀራል። ያለፈውን ዓመት ውኃ ይወስደዋል። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሲታየው ለምን እስካሁን እንዳላደረገው ራሱን ገረመው።

ዳርቻው ላይ ሲደርስ ሙኽላሲን ቀድሞ ወርውሮ ነበር። ምስራን አፉን ሊከፍት ሲል ከኋላው የሴት ድምፅ ሰማ። ቱርሲህ ናት፤ ሕፃኑን በነጠላዋ አዝላ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛ። ከወለደች ወዲህ ወደ ባሕሩ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው።

ክሩን ተከትላ በዐይኗ ሄደች። ከአረፋው ማዶ ሲጠፋባት ፈገግ አለች፤ የሚቀልድ መስሏታል።

«እዚያ ምን ጠፍቶብህ ነው፣ ማስ?» አለችው፤ ባሏን እንዲህ ነው የምትጠራው።

«እዚያ እኮ ነው የምጥለው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ለምን?»

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ሄደ። ቦዩን አየች። ከዚያ ካርሶን አየችው።

«አጎቴ ካርሶ። ዓመት ሙሉ እያየኸው?»

ካርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋበት። በእግሩ ጣት አሸዋ ጫረ። «የእኔ ተማሪ አይደለም፣ ልጄ» አለ።

«ጉብታው ተለውጦ ነው» አለ ምስራን ፈጥኖ። «ትናንት ነው የተለወጠው። ዛሬ ልነግረው ነበር፤ ቦዩ አሁን ወደዚህ ቀርቧል።»

አሁን በምላሱ ዋሸ። ድምፁ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት።

ቱርሲህ አልጮኸችም። አንቱታዋንም አልተወችም።

«ባፓክ፣ ስድስት ዓመቴ እያለ ከዚሁ ፓንዳን ፊት አቁመውኝ ነበር። ‹አትድከሚ፣ ከጠጠር ውርወራ አይርቅም› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቦዩ ያኔም እዚሁ ነበር።»

«ተይ እንጂ» አለ ሙኽላሲን በመሐል ገብቶ። ፊቱ ቀላ። «አባትሽን በሰው ፊት እንዲህ አትናገሪያቸው። እሳቸው ያላሳዩኝ ነገር የለም። የኔ እጅ ነው የፈዘዘው።»

ምስራን ዱላ ቢያርፍበት ይሻለው ነበር።

ቱርሲህ ሕፃኑን አውርዳ ለባሏ ሰጠችው። ዘንጉን አነሣች፣ ክሩን ጠቀለለች፣ አዲስ ኋልዮሽ መንጠቆው ላይ ሰካች። ዘንጉን ወደ ኋላ እንኳ ብዙ አልወሰደችውም፤ ልክ ዕቃ ለጎረቤት እንደሚያቀብል ሰው አድርጋ ለቀቀችው። እርሳሱ ጥቁሩ ውኃ ላይ ጠብ አለ። ማዕበል መጣ፣ ተመለሰ፤ ሌላ መጣ። የዘንጉ ጫፍ ተነቀነቀ።

የክንድ ርዝመት ያለው፣ ከአገጩ ሥር ክር የመሰለ ጢም የወረደለት ዓሣ አሸዋው ላይ ሲንፈራገጥ ሙኽላሲን መጀመሪያ ሳቀ፤ ለሕፃኑም «አየህ፣ እናትህን» አለው። ከዚያ ዓሣውን አየ። ከቦዩ እስከ ዳርቻው የሚቆጥር ይመስል እርምጃውን በዐይኑ ለካ። ካርሶን አየ፤ ካርሶ ዞር አለ። መጨረሻ ላይ አማቱን አየ። ያ አተያይ ቁጣ ቢኖርበት ምስራን ይችለው ነበር።

«አስተምርሃለሁ» አለ ምስራን። «ሁሉንም። ከዛሬ ጀምሮ። የወንዙን አፍ አሳይሃለሁ፣ ጨረቃ ስትሞላ ዓሣው የት እንደሚያድር…»

«አላህ ይስጥልኝ፣ ባፓክ» አለ ሙኽላሲን በትሕትና። «ለጎመን አይሆነኝም።»

ቱርሲህ ዓሣውን ከመንጠቆው አላቀቀችና አባቷ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችው። «ትናንት አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አሁን የምሄደውም እኔው ነኝ። እሱ አልወሰደኝም።»

ዓርብን አልጠበቁም። በማግስቱ ጠዋት ሞተር ብስክሌቱ ላይ ሁለት ጆንያ ልብስና የሕፃኑ ፍራሽ ታሰረ። ሙኽላሲን ሊሰናበት መጣ፤ ጎንበስ ብሎ እንደ ወጉ የአማቱን እጅ ተቀብሎ ግንባሩን አስነካ። «ስለ ሩዙም ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» አለ።

ከእሱ ቀጥላ ቱርሲህ መጣች። ምስራን እጁን ዘረጋ። እሷ ሕፃኑን በቀኝ ክንዷ ይዛው፣ በግራዋ ጥላ ይዛ ነበር። የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ ሁለቱም እጆቿ እንደተያዙ በዐይኗ አሳየችው፤ ሄዳም ከባሏ ኋላ ተቀመጠች። ጥላውን መሬት ማስቀመጥ ትችል ነበር።