የአውሮፕላኑ እንደሻው

አቶ እንደሻው በተቀበሩ ማግስት፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ገላነሽ ከመኝታቸው ተነሥተው «ሥርጉት፣ አባትሽ ቁርሱን በላ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሥርጉት የለቅሶ ቤቱን ሰሃን እያጠበች ነበር። እናቷ መርሳት ከጀመሩ ቢቆዩም ይሄንን ይረሱታል ብላ አላሰበችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘችና እውነቱን ነገረቻቸው። ወይዘሮ ገላነሽ ደረታቸውን እየደቁ፣ መርዶ ገና አሁን እንደተነገረው ሰው አለቀሱ። ከሰዓት በኋላ ረሱት። በማግስቱ ጠየቁ፤ እንደገና ተነገራቸው፤ እንደገና ደረታቸውን ደቁ። እንዲህ ሲሆን ሰነበተና የሥርጉት ጉልበት አለቀ።

«ቅዳሜ ይመጣል፣ እማዬ» አለቻቸው።

የእናቷ ፊት በራ። ቅዳሜን ያውቁታል።

እንደሻው አባታቸውን በልጅነት ያጡ፣ ሐረር ውስጥ ሸዋ በር አጠገብ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ኩራዝና ባልዲ እየበየዱ ያደጉ ሰው ነበሩ። በጭነት መኪና ተንጠልጥለው አዲስ አበባ ገቡና አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። ከመጥረግ ወደ መፍታት፣ ከመፍታት ወደ መጠገን አለፉ። ጎልምሰው ደግሞ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ የሚዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያመርት የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ሽቦውን ለውጭ አገር ኩባንያ እስከ መሸጥ ደረሱ። ሐረር «የአውሮፕላኑ እንደሻው» ትላቸው ጀመር። ወይዘሮ ገላነሽ ግን ከጀጎል ግንብ ንቅንቅ አልልም አሉ። ስለዚህ እንደሻው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በርረው፣ ዳገቱን በሚኒባስ ወጥተው፣ ፓፓያቸውን አንጠልጥለው በጠባቡ መንገድ በእግራቸው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ልጆቻቸው ያደጉት ያንን ኮቴ እየጠበቁ ነው።

መጨረሻቸው አላማረም። «ለአገሬ ልጆች» ብለው ከግንቡ ውጪ ሁለተኛ ፋብሪካ አቆሙ። ጣራው ተመታ፣ ማሽኑ ተተከለ፣ የሠለጠኑት ወጣቶች ነጭ ካፖርት ለበሱ። ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ሽቦውን የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ውሉን አቋረጠ፤ ጥሬ ዕቃ የሚመጣበት የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። እንደሻው ሠራተኞቻቸውን እያቀፉ አሰናበቱ። የአዲስ አበባውንም ድርጅት ሸሪኮቻቸው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ባዶው ፋብሪካ ይሄዱና በሩን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ።

ለአርባቸው ወንድ ልጃቸው ደረጀ ከአዲስ አበባ መጣ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል እህቱን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ፋብሪካውን የጫት ነጋዴ ጠይቆኛል። ማከማቻ ሊያደርገው ነው። ልሰጠው ነው።»

«አባባ የሞተበትን ቤት?»

«ማሽኑ ዝጓል፣ ሥርጉት። አንቺ ታስነሺዋለሽ? ወይስ እኔ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ ሁሉን የሚያስነሣው አባቷ ነበር።

ከፍትሐቱ በኋላ ሰው ለዝክሩ ሲሰበሰብ ወይዘሮ ገላነሽ ከቤት ወጡ። ድንኳኑን አዩ፤ የሴቶቹን ጥቁር ልብስ አዩ።

«ውይ! ማን ሞቶ ነው?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሥርጉት ቶሎ ብላ «የጎረቤት ሰው ነው፣ እማዬ» አለች።

«እግዜር ያጽናቸው» አሉና ከሴቶቹ መሃል ተቀመጡ። ዝምታው ስለከበዳቸው ይሆናል፣ ለቀስተኞቹን ለማጫወት ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ። «የኔ ባል ይቺ ሥርጉት ስትወለድ ከተጣለ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ማንኪያ ቀጥቅጦ አመጣላት። ጥርስ እንኳ ላላበቀለች ልጅ!» ሳቁ። «ደግሞ አውሮፕላን ይፈራል እኮ። ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ እመቤቴን ይጠራል። ‹ሠራተኞቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል› እያለ ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ።»

ሥርጉት ይሄንን አታውቅም ነበር። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ መመላለስ ታሰባት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ይሄኔ የእንደሻው የልጅነት ጓደኛ ሙሜ ከገጠር፣ ከሶፊ ደረሱ። በቀብሩ ጊዜ ታመው ተኝተው ነበርና ወዳጃቸውን አልቀበሩም። ከደጅ ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ።

«ወላሂ ሳልቀብርህ! እንደሻው ወንድሜ፣ አፈር ሳላለብስህ!»

ወይዘሮ ገላነሽ አፋቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ተቋረጠ። ሙሜን አዩ፤ ቀጥሎ ልጃቸውን። አላለቀሱም።

«ቅዳሜ ይመጣል አላልሽኝም?» አሉ።

ተነሥተው ገቡ፤ ተኙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሙሜ ነገሩ ሲነገራቸው ራሳቸውን ያዙ። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልጄ። አላወቅኩም አቦ።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ጋሽ ሙሜ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች ሥርጉት።

ደረጀ ፋብሪካውን ሸጦ ተመለሰ። ነጋዴው ማሽኖቹን ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ጫናቸው።

ወይዘሮ ገላነሽ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ባላቸው ጠይቀው አያውቁም። ሥርጉት መጀመሪያ እፎይ አለች። ሲውል ሲያድር ግን ያ ጥያቄ ናፈቃት። በቤቱ ውስጥ የአባቷን ስም የሚያነሣ ጠፋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ፀጉራቸውን እያበጠረች፣ «እማዬ፣ እንደሻው ትዝ ይልሻል?» አለች።

«ማነው እሱ?»

ቀስ ብላ ከቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጀምራ ሁሉንም ተረከችላቸው፤ ወለል መጥረጉን፣ ሽቦውን፣ የነጭ ካፖርቶቹን ልጆች፣ በበረራ ላይ የሚጨፈኑትን ዓይኖች። እናቷ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ በጥሞና አዳመጡ።

«መልካም ሰው ነበር» አሉ ሲያበቃ። «አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?»

«አባቴ ነው።»

«ወይኔ፣ ነፍሱን ይማረው። አንቺንም ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉና የማያውቀውን ለቀስተኛ እንደሚያጽናና ሰው ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት። «እናትሽስ? በሕይወት አለች?»

ሥርጉት ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አለች» አለች።