የጋሼ መስዑድ ቀኝ እጅ

ዘሀራ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አታውቅም። እናቷ ሐቢባ «ይህችን ልጅ ጉንዳን ቤት ላይ ነው መሰል የወለድኋት» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ምግብ ቆማ ትበላለች፣ ስልክ እየተንጎራደደች ታወራለች፣ የጫማዋን ክር እንኳ የምታስረው መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ ከሙያ ሁሉ መርጣ ፎቶ ማንሣት ልማር ስትል ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ። ፎቶ አንሺ እኮ ከማንሣቱ በፊት መቆም አለበት።

የሚያስተምራት ሣህሉ ይባላል። ወደ ጀልባ ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አለው፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ያነሣል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጥቂት ተማሪዎች ሰብስቦ ያስተምራል። ገና ወጣት ነው፤ ነገር ግን ስለ ፎቶ ሲያወራ እንደ ሽማግሌ ይቆጣል።

«ምስሉን በዐይናችሁ ከፋፍሉት» ይላል ጣቱን አየር ላይ እየሳበ። «ሁለት መስመር ወደ ታች፣ ሁለት መስመር ወደ ጎን። ዋናውን ነገር መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ አስቀምጡት። መሐል ለመሐል የሚተከለው የመታወቂያ ፎቶ ነው።» ስለ ሹተር ሲያስተምር ደግሞ ዐይኑን ከደን ገለጥ እያደረገ ያሳያቸዋል። «ሹተር የካሜራው የዐይን ቆብ ነው። ቶሎ ከከደነ የሚጋልብ ፈረስም ቆሞ ይታያል። ቀስ ብሎ ከከደነ ግን የቆመው ጥርት ይላል፣ የተንቀሳቀሰው ጭስ ይሆናል።»

የዘሀራ ፎቶዎች ሁሉ ጭስ ነበሩ። የዘንባባው ዛፍ ጭስ፣ ባጃጁ ጭስ፣ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው ይብራ እንኳ፣ ያ የማይቸኩል ወፍ፣ በእሷ ካሜራ ሲገባ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የአጎቷ ልጅ የተወላት ካሜራ አሮጌ ስለሆነ በካሜራው አሳበበች። ሣህሉ ካሜራውን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ጫን አደረገና እንደ መስተዋት የጠራ ፎቶ አሳያት። «አንቺ ፎቶ አታነሺም» አላት፣ «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የምትመዘግቢው።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት።

መሳቁን ይሳቁ፤ እሷ ግን ይህን ነገር የምሯን ፈልጋዋለች። በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ስለ ሐይቁና ስለ ሐይቁ ሰዎች ዐውደ ርእይ ይከፈታል፤ ፎቶው የተወደደለትን ተማሪ ሣህሉ ረዳቱ አድርጎ ሊቀጥረው ቃል ገብቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልቀናትም። ጓደኞቿ በየዩኒቨርሲቲው ተበታትነዋል። ያለዚህ ሥራ የሚጠብቃት የአክስቷ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘኑ መዋል ነው፤ ይህን ባሰበች ቁጥር እግሯ ራሱ ከቤት ይዟት ይወጣል።

ለዐውደ ርእዩ የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። «ከቤታችሁ አንድ ሰው አንሡልኝ፣ በሥራው ላይ» አለ ሣህሉ። «ፊቱን ብቻ አይደለም፤ እንጀራውን የሚያገኝበትን አካሉን አሳዩኝ።» ዘሀራ ብዙም አላሰበችም። አባቷ ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ ሰው ያመላልሳሉ። ማረፊያው ላይ ጋሼ መስዑድን የማያውቅ የለም፤ ነፋስ ሲነሣ የሌላውን ጀልባ ትቶ የእሳቸውን የሚጠብቅ ብዙ ነው። ታላቅ ወንድሟ አንዋር አብሯቸው ይሠራል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ገመድ ያስራል። መንዳት ካወቀ ቆይቷል፤ የጎደለው የአባቱ ፈቃድ ብቻ ነው። «ገና ነህ» ይሉታል፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ገመዱን ይጠቀልላል።

እናም ጀልባው ላይ ከፊታቸው ተቀምጣ አነሣቻቸው። ፊታቸውን ከላይኛው መገናኛ፣ የሞተሩን እጀታ የጨበጠውን ቀኝ እጃቸውን ከታችኛው መገናኛ፣ ከኋላቸው ሐይቁን አደረገች። አቀማመጡ ማማሩ ለራሷም ታወቃት። ግን ችኮላዋ አልለቃትምና ሁሉም ነገር ብዥ ብሎ ወጣ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ነውና በማግሥቱ ተመልሳ ሄደች፤ ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ፣ ትንፋሿን ውጣ አነሣች። እንደ እሷ ላለች ልጅ ይህ ተጋድሎ ነው። በዚህኛው የአባቷ ፊት ጥርት አለ፣ የጺማቸው ሽበት ሳይቀር ይለያል። እጃቸው ግን አሁንም ጭስ ነው።

«አሁን እንኳ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለ ሣህሉ ፎቶውን አስፍቶ እያየ። «ሞተሩ ነው። እጀታው ሲንዘፈዘፍ የያዘው እጅ አብሮ ይንዘፈዘፋል። ከጀልባው አውርደሽ አንሺያቸው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አድርጊ፣ ሹተሩንም ቀስ አድርጊው።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቷን ከሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጀልባው ታስሯል። ነፋስ የለም። ካሜራው ማቆሚያው ላይ ቆሟል።

«ቶሎ ጨርሽ ልጄ» አሉ አባቷ። ግራ እጃቸውን ቀኙ ላይ ደርበዋል።

«አባ፣ ግራ እጅዎን ያንሡልኝ፤ ቀኙን ጋረደብኝ።»

ወዲያ ወዲህ ተመለከቱ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አንሥተው አጠገባቸው አኖሩት። ዘሀራ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

የካሜራው መስኮት ላይ የወጣውን አየች። ድንጋዩ ጥርት ብሏል። ጀልባው የታሰረበት ገመድ ጥርት ብሏል። የአባቷ ፊት ጥርት ብሏል። ጉልበታቸው ላይ ያረፈው ቀኝ እጃቸው ግን ጭስ ነበር። ካሜራውን አይታ፣ ማቆሚያውን ነካ ነካ አድርጋ፣ ቀና ብላ ራሱን እጁን አየችው። በቀስታ፣ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዐይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል፤ የዘሀራ ዐይን እስከዚያች ሰዓት ግንባር ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም መጣላት። አባቷ ሻይ ሲቀዳላቸው «እስከ ግማሽ ብቻ» ማለት የጀመሩት ለምን እንደሆነ ገባት። ከተማ ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው የማይወጣው፣ ማዕድ ላይ መጀመሪያ እሷን ያጎርሱ የነበሩት ሰው ማጉረስ የተዉት፣ ሁሉም ገባት። አኩርፈውኛል ብላ ነበር እኮ፤ እሷም መልሳ አኩርፋቸው ነበር። አሁን አፈረች፣ ከማፈሯም በላይ ፈራች። የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ይህን ከሰማ አባቷን ከሞተሩ ያወርዳቸዋል፤ ከሞተሩ የወረዱ ጋሼ መስዑድ ምን እንደሚሆኑ ልታስበው አልቻለችም። ካልሰማ ደግሞ ያ እጅ በየቀኑ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው ይዞ ሐይቅ ይሻገራል።

«ወጣልሽ?» አሉ አባቷ።

«ወጥቷል» አለችና ካሜራውን አጠፋችው።

ለሣህሉ ልታሳየው አላሰበችም ነበር። እሱ ግን የተማሪዎቹን ፎቶ በየካሜራቸው ላይ ሲያይ አገኘውና ከወንበሩ ተነሣ። «ሁሉም ቆሞ እጁ ብቻ ሥራ ላይ ነው» አለ። «እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«አዎ» አለች ዘሀራ።

«በቃ፣ ይህ መግቢያው በር ላይ ይሰቀላል። የጀልባ ማኅበሩ ሰዎችም ተጠርተዋል፤ የራሳቸውን ሰው ያያሉ።»

ስትመኘው የኖረችው ነገር ነበር፤ እንደ ድንጋይ ከበዳት። ከፎቶ ቤቱ ወጥታ በሐይቁ ዳር ከማረፊያው እስከ ደንገሉ ሣር፣ ከደንገሉ እስከ ማረፊያው ተመላለሰች። ሰው የተናገረውን ይክዳል። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም፤ ያ ፎቶ አንዴ ከተሰቀለ ማስተባበል አይቻልም። ፎቶውን ላጥፋው አለች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለማን ብላ እንደተወችው ለአባቷ ይሁን ለራሷ፣ እሷም ለይታ አታውቀውም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሳይታሰብ ነፋስ ተነሣ። ዘሀራ አባቷን ብቻቸውን መልቀቅ ስላልሆነላት ካሜራዋን አንግታ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ያየችው ያን እጅ ብቻ ነው። ዘጌ ሊደርሱ ሲሉ አባቷ ሞተሩን ለማብረድ እጀታውን ሲያዞሩ እጁ አልታዘዛቸው አለ፤ ጀልባው በሙሉ ጉልበቱ ሄዶ ከማረፊያው ድንጋይ ጋር ተላተመ። ለመውረድ የተነሣች ሕፃን ያዘለች ሴት ወደ ውኃው ስታዘነብል አንዋር በነጠላዋ ጎትቶ አተረፋት። ሕፃኑ አለቀሰ። ተሳፋሪው ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ «የዛሬው ነፋስ ሰይጣን ነው» እያለ፣ ጋሼ መስዑድን ጭምር እያጽናና ወረደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ተመላሹ እስኪሰበሰብ አባትና ልጅ ከቡናው ዛፎች ጥግ ቁጭ አሉ። አንዋር ጀልባው የተላተመበትን ሊያይ ቀርቷል። ዘሀራ አንዴ ተቀመጠች፣ አንዴ ተነሣች፣ በመጨረሻ ካሜራውን ከፍታ ከፊታቸው አደረገችው።

አባቷ ፎቶውን አዩት። «ካሜራሽ ተበላሽቷል» አሉ።

«ካሜራው አይደለም፣ አባ።»

«ሞተሩ ነዋ።»

«ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጡት።»

አባቷ ዐይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። «እናትሽ አታውቅም» አሉ። «በረመዳን ነው የጀመረኝ። ጾሙ ነው ብዬ ተውሁት። ጾሙ ወጣ፣ እሱ አልወጣም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉን እርስዎ አይደሉም?»

«ለሰው ነው የምለው» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «እኔ ከዚህ ሞተር ወርጄ ምን እሆናለሁ፣ ልጄ? ሌላ ምን አውቃለሁ?» ዘሀራ ዕንባዋ መጣባት። አባቷ ካሜራውን በግራ እጃቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ይህ ነገርሽ እጄን ሳይንቀጠቀጥ ማንሣት አይችልም?»

ይችላል። ፀሐዩ ደማቅ ነው፤ ሹተሩን ማፍጠን ብቻ ነው የሚፈልገው። ዘሀራ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ አነሣችና አሳየቻቸው። እጃቸው እንደ ተቀረጸ ቆሟል። ገመድ የተወው ጠባሳ፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር፣ የደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። አባቷ ካሜራውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይኸው እጄ» አሉ። ፊታቸው ፈካ። «አወቅሁት። ለመምህርሽ ይህን ስጪው። ይህን ይስቀለው።»

«እሺ፣ አባ።»

እፎይ አለች። የሚንቀጠቀጠውን ታጠፋዋለች፣ የቆመውን ትሰጣለች፣ አባቷም አይጋለጡም። ደስ አላት፤ ሕፃን ያዘለችውን ሴት አስታወሰችና ደስ በማለቷ ራሷን ጠላች።

አባቷ አሁንም ካሜራውን አልመለሱም። «ለስንት ጊዜ ነው ያቆመችው?» አሉ።

«ምኗ?»

«ካሜራዋ። እጄን።»

«ለዐይን ጥቅሻ እንኳ አይሞላም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ሣህሉን ያለ ችግር የዋሸች ልጅ እዚህ ላይ መዋሸት አቃታት። «ከዚያ በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ አባ» አለች።

ጋሼ መስዑድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዚህ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ነው» አሉ። ካሜራውን መለሱላት፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ። «የሚንቀጠቀጠውን ስጪው» ብለዋት ወደ ጀልባው ወረዱ።

ተሳፋሪው ሞልቶ ነበር። ሕፃን ያዘለችው ሴትም ተመልሳ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ መስዑድ እስከ ሞተሩ ሄዱ። እጀታው አጠገብ ቆመው አዩት፤ አልነኩትም።

«አንዋር» አሉ። «ና ያዝ።»

አንዋር ገመዱን ይዞ ቀረ። «ምኑን?»

«ሞተሩን።»

ልጃቸው ፊታቸውን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ መጥቶ ቦታቸው ላይ ተቀመጠ። እሳቸው በሰዉ መሐል አልፈው ከሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጀልባው ውስጥ ጨዋታው ቆመ። ጋሼ መስዑድን ሞተሩ ላይ እንጂ መቀመጫ ላይ ያያቸው የለም። ዘሀራ ከጎናቸው ተጠጋች፤ ክንዳቸው ክንዷ ላይ ሲርገበገብ ተሰማት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየች። «ጋሼ መስዑድ፣ በረደዎት እንዴ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

ግራ እጃቸው ሊሸፍነው ተነሣ። መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ።

«አልበረደኝም» አሉ፣ ከኋላ ያለውም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እጄ ታሟል። ጠዋት ያላተማችሁ ነፋሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»