በቀኛዝማች ልክ የተሠራ ከረንቦላ

ጎንበስ ማለት ውርደት የሚመስለው ሰው ከረንቦላ ምን አገባው? እስቲ ንገሩኝ! ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እናቴ "ብርነሽ፣ ይህ አፍሽ አንድ ቀን እንጀራሽን ያሳጣሻል" ትለኝ ነበር። አሳጣኝም። ቢሆንም እንኳን ተናገርኩ እላለሁ።

ያን ጊዜ ሐረር ከሸዋ በር ወጣ ብሎ በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ክበብ ውስጥ መጠጥ ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እቀዳለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ የሰከረውን አስወጣለሁ። ባለቤቴ ተስፋዬ አሥር አለቃ ነበር። ጣሊያን በጅጅጋ መንገድ ቀብሮት የሄደ ፈንጂ ሁለቱንም እግሮቹን ወሰደበት። ከሆስፒታል ሲወጣ አቦከር ወዳለችው ቤታችን አመጣሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እንዳዞረ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ "ተኝቷል በዪ" ይለኛል። ጢሙን አይላጭም። ካልለመንኩት እህል አይቀምስም። ሰው በቁሙ ሲሞት ይባላል እንጂ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አየሁ።

አንድ ቀን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ ለሠርግ ሄደችብኝ። ብቻውን ጥዬው መውጣት ፈራሁና የብስክሌት ጎማ በተገጠመላት ወንበሩ እየገፋሁ ክበብ ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ እኔንም፣ ወንበሩንም፣ የተወለደበትንም ቀን እየረገመ ነው የደረሰው። ከከረንቦላው አጠገብ አቆምኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አንዱ ቀልደኛ ነኝ ባይ መምቻ ዘንጉን ሰጠው። ተስፋዬ ከወንበሩ ሳብ አለ፣ ደረቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ አስጠጋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ መታ። ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ ዘው አለች። ደግሞ መታ። ደግሞ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት "ብርነሽ፣ ምላጬ የት ነው?" አለኝ። አውጥቼ ሰጠሁትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስፋዬ ሰው ሆነ። ሐረር ውስጥ ከረንቦላ እችላለሁ የሚል ሁሉ እሱ ጋ እየመጣ ተሸንፎ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ይህንን ያዙልኝ። ለሌላው ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ቤት ግን ነፍስ ነበር።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምት የክበቡ ጣሪያ አፈሰሰና የጣሊያን ጊዜው ከረንቦላ ተበላሸ። እንጨቱ አበጠ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ተሰነጠቀ። አዲስ ይሠራ ተባለ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የክበቡ የበላይ ቀኛዝማች ወልደሚካኤል ሆኑ። ጸሐፊው አቶ ግርማ ነው፤ ቀኛዝማች ሲያስነጥሳቸው አፍንጫውን የሚጠርግ ሰው። ሦስተኛው ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህር እንደሻው ነው። ተስፋዬ ደግሞ ጨዋታውን ስለሚያውቅ ሐሳብ እንዲሰጥ ተጠራ።

ቀኛዝማች ከረንቦላ ተጫውተው አያውቁም። ማታ ማታ ካባቸውን ደርበው ይመጡና ግድግዳው ሥር ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ታዲያ ከረንቦላ የሚመታ ሰው ይጎነበሳል። ሲጎነበስ መቀመጫው ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ደግሞ ጌታው ተቀምጠዋል! ስለዚህ ሰው ሁሉ ከመምታቱ በፊት ዞር ብሎ "ይቅርታ ጌታዬ" ይላል። አንዳንዱ ወገቡን አጣሞ በጎን ይመታል። በሕግ አምላክ፣ ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ደጅ ጥናት? ይቅርታ የማይል ተስፋዬ ብቻ ነበር፤ እሱ ተቀምጦ ስለሚመታ ለማንም ጀርባ አይሰጥም። ቀኛዝማች ይህን ልብ ብለውበታል ባይ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጠረጴዛውን የሚሠራው የኤረር በሩ አናጢ አሕመድ ንድፉን ዘረጋ። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ አዳምጣለሁ። ተስፋዬ እያንዳንዷን ነገር እያነሳ ጠየቀ። እግሩ ከደረቀ ዝግባ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ በበጋ ይጣመማል። ድንጋዩ ሲገጣጠም መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ እንዳይታወቅ። ጨርቁ ተወጥሮ ይለጠፍ።

"የጠርዙን ላስቲክ ከጭነት መኪና ካላማዳሪ ቆርጠን ብንለጥፈው ይበቃል" አለ ግርማ።

"ካላማዳሪ ስስ ነው፤ ኳሱን ውጦ ያስቀረዋል" አለ ተስፋዬ። "ድፍን ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ኳስ በመጣበት ኃይል ካልተመለሰ ምኑን ተጫወትነው?"

"የቀዳዳውስ አፍ?" አለ አሕመድ።

"ጠበብ ይበል። ሰፊ ከሆነ ማንም ያስገባል።"

ሁሉም ሳቁ። እጁን እያወናጨፈ ሲናገር ሳየው፣ ወታደር ሳለ ያገባሁት ያ ሰውዬ ነው። ደስ ብሎኝ አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ሳላጥበው አልቀረሁም።

"ቁመቱን በስንት ላድርገው?" አለ አሕመድ።

"እንደ አሮጌው" አለ ተስፋዬ።

"አይሆንም" አሉ ቀኛዝማች።

እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጎንበስ የሚባለው ለእግዜርና ለንጉሥ ነው" አሉ። "እኔ ለእንጨት ልጎነበስ? ሌላውም ቢሆን ማታ ማታ መቀመጫውን እያዞረብኝ የሚያጎነብስበት ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ጠረጴዛው ከፍ ይበልና ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጫወት።" ብድግ አሉና እጃቸውን ደረታቸው ሥር አድርገው "እስከዚህ" አሉ። አሕመድ ፈራ ተባ እያለ ቀረብ ብሎ በስንዝር ለካ።

"ከአሮጌው ስንዝር ተኩል ይጨምራል" አለ።

"ይጨምር።"

"ድንቅ ሐሳብ ነው ጌታዬ!" አለ ግርማ። "ለጤናም ጥሩ ነው፤ ወገብ አያምም።"

መምህር እንደሻው አፉን ከፈተ። "መጽሐፉ ላይ ያለው ልክ..." ሲል ቀኛዝማች ዞር ብለው አዩት። "...በእርግጥ መጽሐፍም አንዳንዴ ይሳሳታል" ብሎ አፉን ዘጋ። ተምሮ ተምሮ ይህን!

ተስፋዬን አየሁት። አቀርቅሯል። ስንዝር ተኩል ተጨምሮበት ጠርዙ የት ላይ እንደሚደርስበት ለመረዳት መምህር መሆን አያስፈልግም፤ አፍንጫው ላይ ነው። እጁን እንኳ ማሳለፍ አይችልም። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረም። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና "ተስፋዬስ? እሱ በምን ይደርሳል?" አልኩ።

ቀኛዝማች ወደ እኔ አልዞሩም። "ተስፋዬ ይመለከታል" አሉ። "ጨዋታ ተመልካችም ያስፈልገዋል።"

"አንቺ ብርጭቆሽን እጠቢ!" አለኝ ግርማ። እርር ድብን አልኩ። ያን ጊዜ ብርጭቆው በእጄ ቢሆን ኖሮ ግርማ ዛሬም ግንባሩ ላይ ምልክት ይኖረው ነበር።

ቤት ስንገባ አፈነዳሁት። "ለምን ዝም አልክ? አፍህንም ፈንጂ ወስዶታል?"

"ተይ ብርነሽ። ዝም አይነቅዝም።"

"እኔ ግን ነቀዝኩ! ሁለት ዓመት ጀርባህን እያየሁ ነቀዝኩ! አሁን ደግሞ ወደዚያ ግድግዳ ልትመለስ ነው?"

በማግሥቱ ጠዋት ምላጩን አልጠየቀም። በሠልስቱም አልጠየቀም።

ኤረር በር ሄድኩና አሕመድ ላይ ጮኽኩበት። አህያውን ፈርታ ዳውላውን በሉኝ፤ ልክ ናችሁ። "አንተስ ሰው አይደለህም? ዝም ብለህ አሳጥረህ አትሠራውም?" አልኩት።

መጥረቢያውን አስቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ። "ወላሂ እኅቴ፣ ያ ግርማ በየቀኑ እየመጣ በገመድ ይለካዋል። ባሳጥረው ነገ ሱቄን ያዘጋኛል። ልጆች አሉኝ።"

"እግዜር ይይልህ!"

"አላህ ያያል፣ አስተግፊሩላህ። እኔ ይሄን ሥራ ወድጄው መሰለሽ? መቁረጡ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከእነሱ፣ ከኮሚቴዎቹ መሐል 'ቁረጥ' የሚለኝ አንድ ሰው ይገኝ፣ እቆርጠዋለሁ። እኔ ራሴ ግን አልጀምረውም።"

ከእነሱ መሐል! ማን ሊገኝ? እየተራገምኩ ተመለስኩ።

ጠረጴዛው ተሠርቶ በጥቅምት ክበቡ ገባ። የሚመረቅ ዕለት ተስፋዬ "አልሄድም" አለ። ጢሙ አድጓል፤ ለብሶት የነበረውን ሸሚዝ ለመቀየር እንኳ እምቢ አለ። "ተመልካች ያስፈልጋል ተብሏል፤ ትመለከታለህ!" ብዬ እየገፋሁ ወሰድኩት። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አላውቅም። ምናልባት እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ዓይኑን እያዩ እንዲጫወቱ ፈልጌ ይሆናል።

ሰው ሞልቷል። ጠረጴዛው አዳራሹ መሐል እንደ ግመል ተገትሯል። እንጨቱ ያበራል፣ ጨርቁ አረንጓዴ፣ ሥራውስ ምን ይወጣለታል! ተስፋዬን አጠገቡ ሳቆመው ከጠርዙ በላይ የሚታየው ግንባሩና ዓይኑ ብቻ ነበር። አሕመድም ተጠርቶ መጥቶ ኖሮ ተስፋዬን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

ቀኛዝማች የመጀመሪያውን ምት እንዲመቱ ተጋበዙ። ተጨበጨበ። ካባቸውን ሳያወልቁ ዘንጉን ያዙ። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ክርናቸውን ወደ ጣሪያ ሰቀሉ፣ አንገታቸውን ሳይሰብሩ በአፍንጫቸው ቁልቁል አነጣጠሩና ወጉት። ነጩ ኳስ ከሥሩ ተጭሮ ዘለለ፤ ጠርዙን አልፎ ሲሚንቶው ላይ ጓ! አለ። ማንም አልሳቀም። ኳሱ እየተንከባለለ በሰው እግር መሐል አለፈና የተስፋዬ ወንበር ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ተስፋዬ እጁን ዘርግቶ አነሳው።

ግርማ ሮጦ መጥቶ "በል አምጣ" አለው።

"ላንተ አልሰጥም" አለ ተስፋዬ። "ኳሱ የጌታዬ ነው። የምሰጠው ለጌታዬ ነው።"

ቀኛዝማች ከወዲያ ሆነው "እንግዲያው አምጣው" አሉ።

ተስፋዬ ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔ ብሆን አዳራሹን አፈርሰው ነበር። "ጌታዬ፣ ተነስቼ በሁለት እጄ እንዳላቀርብልዎ እግር የለኝም" አለ። "እርስዎ ጎንበስ ብለው ይውሰዱ።" እጁን ጭኑ ላይ ዘረጋና መዳፉን ከፈተ። ኳሱ ቁጭ ብሏል።

ቀኛዝማች ሁለት እርምጃ መጥተው ከወንበሩ ፊት ቆሙ። ኳሱን አዩ፣ ሰዉን አዩ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ወገባቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

"ሌላ ነጭ ኳስ አምጡ!" ብሎ ግርማ ጮኸ።

"ነጩ አንድ ነው" አልኩ ከመጠጥ ቤቱ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል በሕይወቴ የለም።

ቀኛዝማች እሱ እንዲቀበልላቸው ወደ መምህር እንደሻው ዞሩ። እንደሻው እንደ ወትሮው መሬት መሬት አላየም፤ ዓይናቸውን አየ። እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም። ሌላውም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ቀኛዝማች ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት፣ ካባቸውን ሰበሰቡ፣ ወጡ። ግርማ እየተጎነበሰ ተከተላቸው።

"አሕመድ" አለ ተስፋዬ።

"አቤት።"

"ቁረጠው።"

አሕመድ እንደሻውን አየ። እንደሻው እጁን ከኪሱ አወጣና "ስንዝር ተኩል" አለ። ጊዜ ወስዶበት ነው እንጂ ልኬቱስ ትክክል ነበር።

አሕመድ መጋዙን አስመጣ። ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛውን በትከሻቸው ደግፈው ያዙ፤ ጎንበስ ብለው ማለቴ ነው፣ ሁሉም ጎንበስ ብለው። የእንጨቱ ዱቄት ጫማቸው ላይ ይረግፋል። እኔ ተስፋዬን ነበር የማየው። መጋዙ በየእግሩ ሲገባ ዓይኑን አልነቀለም፤ እኔ ግን አንዴ ማየት አቅቶኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መገመት አያቅታችሁም። በሳምንቱ "አፏ ጸያፍ ነው" ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። ተስፋዬንም ሊያስወጡት ነበር፤ እንደሻውና ሌሎቹ "እሱ ከወጣ እኛም አንገባም" ስላሉ ቀረ። የት ኖሯል ይህ ወኔ እናንተ! አሁን ሸዋ በር ገበያ ዳቦ እሸጣለሁ። አመሻሽ ላይ ተስፋዬን እስከ ክበቡ ደጅ እገፋዋለሁ፤ ዘበኛው "ብርነሽ አትግቢ ተብያለሁ" ብሎ ወንበሩን ይቀበለኛል። ግርማም አንድ ቀን አሕመድ ጋ ሄዶ "እግሩ ይቀጠልልን" ብሎት ነበር አሉ። አሕመድ "የተቆረጠ እግር አይቀጠልም" አለው። ይህን ለማወቅ አናጢ ጋ መሄድ ምን አስፈለገ? እኛ ቤት ቢመጡ በነገርኳቸው።

ግን ያ ሁሉ ሳይመጣ፣ በምረቃው ማግሥት ጠዋት ነው። እኔ ገና ንዴቴ አልበረደልኝም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቱ፣ እኔን ማስለቀሱ ሁሉ አንቆኛል። እሳት እያያያዝኩ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

"ብርነሽ፣ ምላጬ የት ነው?" አለኝ።

"ራስህ ፈልግ!" አልኩት፤ እጄ ግን ምላጩን ይዞ ነበር።