አሥራ ሁለቱ ግም ጃኬቶች

ጃኬቱ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። የሌሊት ወፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከኩሱ በላይ የማታውቀው ሰው ላብ አለ፤ ከላቡ ስር የበሰበሰ ዓሣ አለ፤ ከሁሉም ስር ደግሞ አባንግ ስም ልታወጣለት ያልደፈረችው ሌላ ሽታ አለ። ስሙን ለመጥራት አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ አፏን ከከፈተች ደግሞ ይገባል።

«ልበሺው እንጂ!» አለ አሰልጣኝ ረታ። «ሕይወት አዳኝ ጃኬት ነው እኮ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ነው እኔን የሚያድነው? እሱ ራሱ ከሞተ ሳምንት ያለፈው ይመስላል።»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሃያ ሁለት ወንዶች ሳቁ። ረታ አልሳቀም። አባንግ ትንፋሿን ይዛ ለበሰችው። ማሰሪያው እርጥብ ነበር። ከእሷ በፊት ማን እንደለበሰው፣ የቱ ጋ እንዳላበው ላለማሰብ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች።

ባይቸግራት እዚህ ምን አቆማት! አጎቷ ኦቻንግ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ኢታንግ በባሮ ላይ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ጀልባ አለው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ከፊት እንደ ሹም ተቀምጦ ሰላምታ ከመቀበል በቀር ሥራ የለውም። ሞተሩን የምትይዘው የአሥራ ስምንት ዓመቷ አባንግ ናት። ታዲያ ሰሞኑን ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የሦስት ቀን የጀልባ ደህንነት ሥልጠና ወስዶ የብቃት ወረቀት ያልያዘ ሰው ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሞተር ጀልባ አይነዳም። ወረቀቱ ካልመጣ ኦቻንግ ሞተሩን ሲለምነው ለከረመ የኢታንግ ነጋዴ ሊሸጠው ነው። ሞተሩ ከተሸጠ አባንግ ወይ ያቋረጠችው ሰባተኛ ክፍል ተመልሳ ከታናናሾቿ ጋር ትቀመጣለች፣ ወይ አቦቦ ያለችው አክስቷ ቤት ሄዳ የሰው ልጅ ታዝላለች። ሁለቱንም ስታስባቸው ከጃኬቱ እኩል ይከረፏታል።

ረታ ከደጋ የመጣ፣ ሸሚዙ እንደ ካርቶን የተተኮሰ ሰውዬ ነው። ወረቀት ሲያድል አውራ ጣቱን ይልሳል። አንድ ወረቀት፣ አንድ ልሳት። የአባንግ ወረቀት ሲደርሳት ጥጉ ላይ ክብ እርጥብ ምልክት ነበረበት። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ወንበሩ ላይ እንዲደርቅ ተወችው፤ እስኪደርቅ ግማሽ ትምህርት አለፈ።

ያመለጣት ነገርም ይሄን ያህል አያስቆጭም። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታየው ባሕር ነው፤ መርከብ የሚያክል ጀልባ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ። አባንግ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጉማሬ ከፊት ብቅ ቢልስ?»

ረታ ማኑዋሉን ገለባበጠ። «ጉማሬ እዚህ ውስጥ የለም።»

«ባሮ ውስጥ ግን አለ።»

«ያልተጻፈ አይጠየቅም፤ ተቀመጪ!»

ከአጠገቧ የተቀመጠው ኒካው ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ኒካው የሌላ ጀልባ ነጂ ነው፤ ጉንጩ ውስጥ ትንባሆ ወትፎ ቀኑን ሙሉ ባዶ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ይተፋል። ሃይላንዱ እስከ ግማሹ ሞልቶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ያያታል።

«ክዳኑን ዝጋው፤ በእግዜር!» አለችው።

«ጠማሽ እንዴ እህቴ?»

ከምሳ በኋላ ረታ ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ ደርድሮ «ይህ ጀልባ ነው» አላቸው። ተቀመጡበት። «ተገለበጠ!» ሲል ሃያ ሦስት ሰው ሲሚንቶ ላይ ተዘረጋ። አሥራ ሁለት ጃኬት ብቻ ስለነበረ አሥራ አንዱ ያለ ጃኬት ሲሚንቶ ውስጥ ሰመጠ። አባንግ ፊቷ ከኒካው ካልሲ አጠገብ ወደቀ። የካልሲውን ነገር ተዉት።

ረታ ካስተማረው አንድ ነገር ግን ጠቃሚ መሆኑን አልካደችም። ነጂው የእጁ አንጓ ላይ የሚያስረው ቀይ ገመድ አለ፤ ነጂው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል፣ ጀልባውም ዞሮ የወደቀውን በሞተሩ ምላጭ አይቆርጠውም። የአጎቷ ሞተር ላይ ያንን ገመድ ለዓመታት ላስቲክ መቋጠሪያ አድርገውት ነበር። ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ሽታው ቆዳዋ ውስጥ የገባ መሰላት። ክንዷን ብታሸተው እሱ ነው፤ ምሳ ልትጎርስ እጇን ብታነሳ እሱ ነው። «ጋሼ፣ አንዱን እንኳ ወስጄ ልጠበው» አለች። ረታ ንብረት ነው ብሎ አስፈርሟት ሰጣት።

ባሮ ዳር ወርዳ ጃኬቱን ውሃው ላይ ጣል አደረገችው። ተንሳፈፈ። የዱቄት ሳሙናውን ልትፈታ ዞር አለች። በጥርሷ ታግዛ ቋጠሮውን ፈትታ ስትመለስ ጃኬት የለም። ውሃው ወሰደው ብላ ወደ ታች ሮጠች፤ የለም። ተመልሳ በእግሯ ስትዳብስ ያው እዚያው፣ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ጎትታ ስታወጣው እንደ እርጉዝ ፍየል ይከብዳል። ስትጨምቀው የቆየ ሾርባ የመሰለ ቡናማ ውሃ ክንዷ ላይ ወረደ። አስመለሳት። አስመልሷትም የስፌቱን ጥግ ተረተረችው። ውስጡ ቢጫ የፍራሽ ስፖንጅ ነበር።

አጎቷ ኦቻንግ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ስፖንጁን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ይህ ፍራሽ ነው» አለ። አማርኛው አጭር አጭር ነው። «ፍራሽ ላይ ሰው ይተኛል፤ ይነሳል። ይህን የለበሰ ግን ይተኛል፤ አይነሳም።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«አትንገሪ። ወረቀት ያዢ መጀመሪያ። ከዚያ ጃኬቱን ለዓሣ ስጪ።»

እሷ ግን አፏ መቼ ያስቀምጣታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የተግባር ፈተናው ሊጀመር ሲል፣ የታጠበውን ጃኬት መልሳ፣ ወንዙ ዳር ረታን ለብቻው ይዛ ነገረችው። ረታ ግራ ቀኙን አየ።

«ማን እጠቢው አለሽ?»

«ጋሼ፣ ጃኬቱ እኮ ውሃ ላይ ነው የሚሠራው።»

«ይሄው ሁለት ቀን ሙሉ ለበሳችሁት፤ ማን ሰመጠ?»

«ሲሚንቶ ላይ?»

«ስሚ! ዛሬ ከቢሮ ሰው ይመጣል። ያለ ጃኬት የተፈተነ ሰው አይኖርም፤ ያልለበሰ ይወድቃል። ወረቀቱን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ለኒካውም ነገረችው፤ ለሌሎቹም እሱ አደረሰ። ሁሉም ሰሙ። ጃኬት የደረሳቸው ግን ሁሉም አሰሩ።

ከቢሮ የመጡት ወይዘሮ ሺታዬ ናቸው፤ ጥላ ይዘው፣ ነጭ ጫማ አድርገው፣ አፍንጫቸውን በሶፍት ይዘው። ቢሮው ጀልባ ስለሌለው የኦቻንግ ጀልባ በልመና መጥቷል። ረታ ለሴትየዋ ጃኬት አልብሶ፣ ደግፎ ጀልባው መሐል አስቀመጣቸው። ከዚያ «አባንግ ትጀምር» አለ። «ሴት ነጂ ለሪፖርቱ ፎቶ ጥሩ ነው።»

የቀረበላትን ጃኬት አባንግ አልተቀበለችም።

«አልለብስም።»

«እንግዲያው ወድቀሻል። ቀጣይ!»

አባንግ ወደ ሃያ ሁለቱ ወንዶች ዞረች። እነዚህ ከጎርፍ ጋር የሚታገሉ፣ አዞ ያለበት ውሃ ውስጥ ገብተው መረብ የሚፈቱ ሰዎች ናቸው። ሁሉም እግራቸውን ያያሉ። አንዱ ያለ ምክንያት ማሰሪያውን ፈትቶ መልሶ ያስራል። ኒካው ሃይላንዱን አንስቶ ቀስ ብሎ ተፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ካስጠላት የሌሊት ወፍ ኩስና ካልሲ ሁሉ ይህ ዝምታ ባሰባት። 

«ምን ሆና ነው ልጅቷ?» አሉ ወይዘሮ ሺታዬ ከጀልባው።

አባንግ ወደ ረታ ተራመደች። ጃኬቱን ከረታ እጅ ነጥቃ፣ የጀልባውን ገመድ አስራበት፣ ባሮ ላይ ወረወረችው። ተንሳፈፈ።

«ይኸው!» አለ ረታ ደረቱን ነፍቶ። «ሁላችሁም ተመልከቱ። ዕውቀት ሲጎድል ሰው እንዲህ ነው። የዚህ ጃኬት ሥራ...»

«ይቀጥሉ ጋሼ» አለች አባንግ። «ትንሽ ያስረዱን።»

ረታ ስለ ተንሳፋፊነት ሕግ አስረዳ። ስለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አስረዳ። ስለ ደረጃው ቁጥር ሲያስረዳ የጃኬቱ አንገት ዘቀጠ። ከዚያ አንዱ ትከሻ ገባ። ሌላው ትከሻ ጥቂት አመነታ፤ ጓደኛውን ተከትሎ ገባ። ሁለት ሦስት አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለና ገመዱ ወደ ታች ተወጠረ።

 መጀመሪያ ድምፅ ያወጡት ወይዘሮ ሺታዬ ናቸው።

«አውልቁልኝ! አውልቁልኝ ይሄን ነገር!»

ሲጣደፉ የጃኬቱን ቁልፍ አጣመሙት፤ ጀልባው ወዲያና ወዲህ ተናጠ። ረታ ሊረዳቸው አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ አስገባና እንደ ተነደፈ ሰው መልሶ አወጣው። አባንግ ዘላ ገብታ፣ የጀልባውን የዓሣ ቢላ አንስታ ማሰሪያውን ቆረጠችላቸው።

«ተረጋጉ እትዬ። ውሃው እዚህ ጋ እስከ ጉልበት ብቻ ነው።»

ሴትየዋ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «እናንተ ታዲያ ምን ለብሳችሁ ነው የምትሻገሩት?» ብለው ጠየቁ።

አባንግ ከጀልባው ሆድ ሁለት ባዶ የዘይት ጀሪካን አወጣች። የባሮ ልጅ ዋና የሚማረው በዚህ ነው፤ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ፣ በገመድ ብብት ስር ማሰር። አሰረችላቸው። ለራሷም ሌላ ሁለት አሰረች። ወይዘሮ ሺታዬ ቢጫ ክንፍ ያወጡ ዶሮ መሰሉ።

«ፎቶ እንዳታነሱ!» አሉ በጣታቸው እያስጠነቀቁ።

አባንግ ቀዩን ገመድ አንጓዋ ላይ አሰረች፤ ሰው ቆጠረች፤ ሞተሩን ቀሰቀሰች። ወንዙን ተሻግራ፣ አሸዋው የተደረመሰበትን ጥግ በሩቁ ዞራ፣ ልጆች የሚዋኙበት ጋ ስትደርስ ሞተሩን አጥፍታ በመቅዘፊያ አለፈች። ስትመለስ ጀልባውን ዳር ላይ እንደ ቂጣ አስተኛችው። ረታ ቅጹ ላይ «ጃኬት» የሚለው መስመር ጋ ደርሶ እስክሪብቶው ቆመ።

«ያየኸውን ጻፍ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሺታዬ፣ ጀሪካናቸውን እየፈቱ። «አልፋለች። አልፋለች በልና ማህተሙን ምታ።»

እሳቸው ባጃጅ ይዘው ሲሄዱ አባንግ ወረቀቱን ይዛለች። ሌሎቹም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በጀሪካን ተፈትነው ወረቀታቸውን ይዘው ተበተኑ።

ኦቻንግ ጀልባውን ሊረከብ መጥቶ እንደ ልማዱ ከፊት ተቀምጧል። አባንግ ጀልባውን አጥባ ስትጨርስ ረታ ብቻውን ጃኬቶቹን ማዳበሪያ ውስጥ ይከታል። የሰመጠውንም ጨምቆ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጦታል።

«የት ሊወስዷቸው ነው?»

«ሰኞ ኢታንግ ሥልጠና አለ።»

«ሴትየዋ አይተው የለ እንዴ?»

«ያዩትን ሪፖርት ላይ አይጽፉትም፤ ከጻፉማ ጀሪካኑም ሊጻፍ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ወረቀትሽን ይዘሻል አይደል? እንግዲህ ተይኝ። የእንጀራ ጉዳይ ነው።»

ይህን ያለው በሰላም ነው።  አባንግ ማዳበሪያውን ከእጁ ጎትታ ወሰደች፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የመጀመሪያውን ጃኬት ከአንገት እስከ ወገብ በቢላ ሰነጠቀችው። ስፖንጁ ዝልግልግ ብሎ ጭኗ ላይ ወጣ። ሁለተኛውን ቀጠለች።

«አብደሻል? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው! ወረቀቱን አምጪ! ተሰርዟል!»

አባንግ ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችለት። ረታ ነጥቆ ያዘው። ሞተሩ ተሸጦ ሲጫን ታያት።

ኦቻንግ ከጀልባው ፊት አንገቱን አቀና። «ምንድን ነው የሚቀደደው?»

«ፍራሽ ነው አጎቴ።»

ሽማግሌው ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያ እየዳበሰ መጣና ከጎኗ ተቀመጠ። ከማዳበሪያው አንድ ጃኬት አውጥቶ፣ ሽታው ፊቱን ሲያጨማድደው፣ በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘላት።

ረታ የሥረዛ ቅጹን አወጣ። የአባንግን ስም ጻፈ። ቀኑን ጻፈ። «ምክንያት» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጃኬት ቀደደች ብሎ ቢጽፍ ለምን ቀደደች ይባላል። ለምን ቀደደች ከተባለ ስፖንጁ ይመጣል፤ ስፖንጁ ከመጣ ማን ተረከበው ይባላል። ላብ ከአገጩ ወርዶ ቅጹ ላይ ጠብ አለ። አባንግ ስምንተኛውን ሰነጠቀች።

ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ወረቀት አወጣ። «በእርጅና የተወገዱ ብዬ ልመዝግባቸው፤ አንቺ ምስክር ሆነሽ ፈርሚ። ወረቀትሽንም እመልሳለሁ።»

«አላረጁም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ይሰምጣሉ ይበሉ።»

ረታ ወንዙን አየ፤ ማዳበሪያውን አየ፤ የሽማግሌውን ነጭ ዓይን አየ። ከዚያ ጉንዳን በምታክል ፊደል «ይሰምጣሉ» ብሎ ጻፈ። አባንግ ቡናማ ውሃ በሚያንጠባጥብ እጇ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ከስሩ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በትልቁ ጻፈች። ረታ የብቃት ወረቀቷን ጀልባው ወንበር ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

«ጨረስን?» አለ ኦቻንግ።

«አራት ይቀራል።»

ሽማግሌው ትንፋሹን ሳበና የሚቀጥለውን ወጠረላት።