ከግድግዳው ወዲያ የሚያስል ሰው

የሙዓዝ ጀናዛ ከቆላ መጥቶ ደሴ ሲቀበር እናቱ እትዬ ሸሪፋ አላለቀሱም። ለቀስተኛው «ድንጋጤው ነው፣ ቆይቶ ይወጣላታል» አለ። ምራታቸው ጦይባ ግን ሌላ ነገር ታዝባለች። አማቷ ሰው በሚያወራበት መሀል ድንገት እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኛሉ። አንገታቸውን ወደ ኋለኛው ግድግዳ ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ፊታቸው ፈታ ይላል።

ለቅሶው በረድ ሲል፣ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሚሰማዎት?»

«ልጄ ነዋ» አሉ፣ ገበያ ሄዷል እንደማለት ቀለል አድርገው። «ያስላል። ሰው ያስላል እንጂ ሬሳ ያስላል? አልሞተም።»

ጦይባ የባሏን ፊት ከመከፈኑ በፊት በዓይኗ አይታለች።

ሙዓዝ ከኮምቦልቻ ጂቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሐርቡው ልጅ ከበሺር ጋር እየተፈራረቁ ይነዳሉ። በዚያ ነሐሴ ከባቲ ወዲያ ቆላው ላይ ደራሽ ጎርፍ መኪናቸውን ከመንገድ ጠርጎ ወሰደው። ሙዓዝ ጋቢናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በሺርን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት። አሸዋው ውጦታል ተባለ።

ጦይባ ደግሞ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። መርዶው ከመምጣቱ በፊት፣ ኮምቦልቻ ቤቷ ውስጥ የባሏ ትራስ ሬሳ ሲታጠብ የሚጨመረውን ካፉር ይሸት ጀምሮ ነበር። ልብሱን ገፍፋ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሽታው አለቀቀም። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ ገና ሳታነሳው ነው ሙዓዝ መሞቱን ያወቀችው።

እንግዲህ የእሷ አፍንጫ ሞቷል ይላል፣ የእናቱ ጆሮ ደግሞ በሕይወት አለ ይላል።

የእትዬ ሸሪፋ ቤት ደሴ ሸዋ በር ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከኋለኛው ግድግዳ በስተጀርባ ገደልና ቁልቋል እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም። ጦይባ ጆሮዋን ለጥፋ ሞከረች። ቀዝቃዛ ጭቃ ብቻ ነበር። በመስኮት ስታይ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ቁልቋሉን ሸፍኖት አንድም ነገር አይንቀሳቀስም። ዞር ስትል አማቷ በብርጭቆ ውኃ ይዘው መጥተው ከግድግዳው ሥር አስቀመጡ።

«በጎንህ ተኛ፣ ልጄ» አሉ ግድግዳውን። «በጀርባህ አትተኛ፣ ያፍንሃል።»

ሴትዮዋ መልስ የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዞረ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ዘመዶች «አእምሮዋን ነክቷታል፣ ቁርኣን ይቀራባት» ማለት ጀመሩ። ምንም ያላሉት ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ማርያም ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ጉርብትናቸው ከልጅነት ነው፤ አንዷ ለመስጊድ ሌላዋ ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በር ላይ ሳይሳሳሙ አይተላለፉም። እማሆይ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ጦይባን ወደ በረንዳው ጠሯት።

«አማትሽ አላበደችም» አሏት። «ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማለች። አባቷ ከመንገድ ሲመለስ የበቅሎውን ኮቴ ገና ወንዝ ሳይሻገር ትሰማው ነበር። እኔ ደግሞ ሳልፈልግ አያለሁ። መኪናው የተወሰደ ለት እህል እየለቀምኩ ሰፌዱ ላይ ውኃ አየሁ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ይሳባል። መልክ ግን የላቸውም።»

ጦይባ የካፉሩን ነገር ነገረቻቸው። እማሆይ አልገረማቸውም።

«ለአንዱ በዓይኑ ይመጣል፣ ለአንዱ በጆሮው፣ ላንቺ በአፍንጫሽ መጥቷል። የከፋው ምንም ሳያይ ሳይሰማ ልቡ ዝም ብሎ የሚያውቀው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ የሚመጣው ነገር ስሙን አይናገርም። ስም የምንሰጠው እኛ ነን። እናት ስትሰማ ደግሞ ማንን ብላ ትሰይማለች?»

ጦይባ ወደ ውስጥ ተመለሰች። አማቷ አጠገብ ቁጭ አለችና «እማማ፣ ሳሉ እንዴት ነው? እስቲ ያሳዩኝ» አለቻቸው።

እትዬ ሸሪፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያም ከቀጭን ደረታቸው የማይጠበቅ ወፍራም የወንድ ሳል ወጣ። ሁለቴ አጠር አጠር፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚሳብ።

ጦይባ ከሙዓዝ ጎን ዓመታት ተኝታለች፤ ብርድ ሲመታው፣ አቧራ ሲያንቀው እንዴት እንደሚያስል ታውቃለች።

«ይሄ የሙዓዝ ሳል አይደለም።»

«ከማህፀኔ የወጣውን አንቺ ልታስተዋውቂኝ ነው?» ብለው ጮኹባት። ከዚያ በኋላ እራት አልበሉም።

በማግሥቱ ጦይባ ስትነቃ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ዓይናቸው አብጧል።

«ተነሽ። ሐርቡ እንሂድ» አሉ።

የበሺር አባት አቶ አብዱልወሀብ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሬሳው ላልተገኘው ልጃቸው ሰደቃ እየተዘጋጀ ነው፤ ከማድ ቤቱ ጭስ ይወጣል። እንግዶቹን አይተው ሊነሱ ሲሉ እትዬ ሸሪፋ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ስለ ልጅዎ ልጠይቅዎ አልመጣሁም። አንድ ነገር ላሰማዎት ነው። ካላወቁት ወላሂ ዝም ብዬ እመለሳለሁ።»

እዚያው ቆመው አሳሉ።

የሽማግሌው መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። ሳሉን ብቻ የሰማች፣ የሳለውን ያላየች የበሺር ሚስት ናት ከማድ ቤት ውስጥ የመለሰችው።

«በሺር! መጣህ እንዴ?»

ሊጥ በእጇ እንደያዘች እየሮጠች ወጣች። ግቢው ውስጥ አማቷና ሁለት የማታውቃቸው ሴቶች እንጂ በሺር የለም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

የዚያኑ ዕለት ጦይባና የበሺር ወንድም መሕሙድ ወደ ባቲ ወረዱ፣ ከዚያም ወደ ቆላው። መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ ጠየቁ። ብዙው ሰው አዘነላቸው፤ «በዚያ ጎርፍ ማን ይተርፋል?» አላቸው። በመጨረሻ አንድ የአፋር ግመል ነጂ ከአውራ ጎዳናው ርቆ ያለ ጤና ኬላ ጠቆማቸው። ጎርፉ ከጎደለ በኋላ አሸዋ ላይ የተገኘ ሰው ወደዚያ መወሰዱን ሰምቷል።

ጦይባ ኬላው ውስጥ መግባት አላስፈለጋትም። ገና ከመኪናው ስትወርድ ሰማችው። ሁለቴ አጠር አጠር፣ ከዚያ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው የሚያፏጭ። መሕሙድ «ወንድሜ!» እያለ አልፏት ሮጠ።

በሺር እግሩ ተሰብሮ፣ ሳንባው ታሞ፣ በትኩሳት ስሙን እንኳ መናገር አቅቶት ነበር። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አስገቡት። አፉን ሲፈታ ያስታመመችውን አሮጊት ጠየቀ። «በጎንህ ተኛ ትለኝ ነበር» አለ። በኬላው ያስታመመው ግን አንድ ወጣት ወንድ ነርስ ብቻ ነበር።

«ተገኘ» የሚለው ስልክ ደሴ ሲደርስ እትዬ ሸሪፋ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ጩኸታቸው ሰፈሩን ሁሉ አስወጣው። እማሆይ ወለተ ማርያም ደርሰው በጉያቸው ያዟቸው። «አልቅሺ እህቴ፣ አልቅሺ» እያሉ አብረው አለቀሱ።

ወሬው ተሰማ። የጠፋ ዘመድ ያለው ሁሉ ፎቶ ይዞ ይመጣ ጀመር። እትዬ ሸሪፋ ማንንም እሺ አላሉም። «ድምፁ የማን እንደሆነ አይነግረኝም» ይሏቸዋል። «የእናንተን ተስፋ ለሌላ ሰው ብሰጠውስ?» መምጣቱ ሲበዛባቸው ቤታቸውን ዘግተው ኮምቦልቻ ጦይባ ዘንድ ገቡ።

በሺር አገግሞ መንዳት ሲጀምር ሊጠይቃቸው መጣ። ምሳ ቀርቦ እየበሉ እትዬ ሸሪፋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ልጄ በመጨረሻ ምን አለ?»

«ተኝቶ ነበር፣ እትዬ። አልነቃም።»

«እንቅልፉ ከባድ ነበር» አሉ። «ድሮም እንደዚያው ነው።»

በሺር ፈገግ አለ። «ትናንት ስላስጠነቀቁኝ ደግሞ አላህ ይስጥልኝ። ባቲ ቁልቁለት ላይ እንደዚያ ጊዜው ጆሮዬ ውስጥ ‹ቀስ በል› ሲሉኝ ፍሬኑን ያዝኩ። ኩርባው ጋ መንገዱ ተንዷል።»

እትዬ ሸሪፋ ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱት። ጦይባን አዩ፣ ጦይባም እሳቸውን አየች።

«ልጄ፣ እኔ ትናንት ምንም አላልኩህም። ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት።»

በሺር እጁን ከትሪው ሰበሰበ። «የሴት ድምፅ ነበር» አለ። «ታዲያ ማን ናት?»

«አትሰይማት» አሉት ምግቡን ወደሱ እየገፉ። «ቀስ በል ስትልህ ብቻ ቀስ በል። አሁን ብላ።»