ሞተሩ ሥራ የፈታበት ሰዓት

ከአዲስ አበባ የሚላከው የወር ሪፖርት ቅጽ ለመላው አገር አንድ ነው። ለጎጃምም፣ ለባሌም፣ ለአሰብም ያው ቅጽ። ዘጠነኛው ሳጥን ላይ «ሞተሩ ሥራ የፈታበት ሰዓት» ይላል። ደጋ ላይ የውኃ ሞተር ከቆመ ወይ ናፍጣ አልቋል፣ ወይ ሠራተኛው ተኝቷል፤ ስለዚህ ቅጹን ያወጣው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ዜሮ ማየት ይወዳል። አይፈረድበትም፤ ከባሕር ጋር ጎረቤት ሆኖ አያውቅም።

ላቀች ግን በዚያ ሳጥን ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ «በቀን አሥራ ሁለት» ስትጽፍ ኖራለች። በአሰብ የውኃ ቅርንጫፍ የጉድጓድ ለኪ ናት። ጠዋት ጠዋት የብረት ሜትሯን ጫፍ ጠመኔ ቀብታ አራት ቁጥር ጉድጓድ ውስጥ ትለቀዋለች፤ ስታወጣው ጠመኔው እስከ የት እንደ ረጠበ ታነባለች። ከዚያ በጣሳ ቀድታ ትቀምሳለች። የጨው መለኪያው መሣሪያ ከተበላሸ ከርሟል፤ መለዋወጫ ተጠይቆ መልሱ እየተጠበቀ ነው። ደግነቱ ምላሷ መለዋወጫ አይፈልግም።

ነገሩ ቀላል ነው። ባሕሩ ከጉድጓዱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይርቅም። ሞተሩ ቀን ሲስብ የሚጠጣው ውኃ ዝቅ ይላል፤ ማታ ሲያርፍ ከበረሃው ወገን ቀስ ብሎ ይሞላል። ካላረፈ የጎደለውን ቦታ ባሕሩ ከሥር ገብቶ ይይዘዋል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ በልመናም በስብሰባም አይወጣም። ሁለት ቁጥር ጉድጓድ የሞተው እንዲህ ነው። በ1970 ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ዘጠኝ ቀን ያለ ዕረፍት ተሳበ፤ ዛሬ አህያ እንኳ አፍንጫዋን አስጠግታ ትመለሳለች። ላቀች ያን ጊዜ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ውኃው ሲመርር ታውቅ ነበር፤ ፈርታ ዝም አለች። ለዚያ ዝምታዋ ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

በ1976 ሐምሌ፣ የአብዮቱ አሥረኛ በዓል ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ክፍሌ የሚባል የዕቅድ ኃላፊ ከዋናው መሥሪያ ቤት በአውሮፕላን መጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ ቢሮ እስኪደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ከከተማው ዳር ሁለት ሄክታር የመስኖ አትክልት ይለማል አለ፣ ቲማቲምና ፓፓያ። በበዓሉ ሰሞን ኮሚቴ መጥቶ ይጎበኘዋል። ውኃው ከአራት ቁጥር ይሳባል፣ ቀንም ሌሊትም።

«ጓድ ላቀች፣ ይህ አሥራ ሁለት የሚባል ነገር ከነገ ጀምሮ ዜሮ ነው» አላት ቅጹን እያሳየ። «ግማሽ ቀን የሚተኛ ሞተር ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው።»

«ሞተሩ ሲቆም ጉድጓዱ ሥራ ይይዛል፣ ጓድ። ውኃ የሚሞላው ያኔ ነው።»

«ይህን ነው ለኮሚቴው የማስረዳው?»

«ካስቸገረዎት እኔ አስረዳለሁ።»

ክፍሌ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱንም ከላይ አፍጥጠው የሚጠብቁት አሉ። የፈራ ሰው ግን ፍርሃቱን ለሌላ ማካፈል ይወዳል። «የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ነገር ሰምተሻል?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መስማትስ ሰምታለች። በዚያ ቃል የተወሰደ ሰው ልብሱን ለመያዝ እንኳ ሲመለስ አላየችም። «ሰምቻለሁ» አለች። «ሞተሩ ግን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆማል።»

በዚሁ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሦስቱ ሠራተኞች አንድ ቬንቲሌተር ያለበት አዳራሽ ውስጥ ታጨቁ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ጥፋተኛው ተነሥቶ «ተሳስቻለሁ» ይላል፣ ጸሐፊዋ ትመዘግባለች፣ ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም ፈርመው ቃለ ጉባኤው አዲስ አበባ ይላካል። የሞተሩ ሠራተኛ ዲኒ በር ላይ ጠብቆ ክንዷን ያዛት።

«ላቀች እኅቴ፣ ወላሂ፣ ተሳስቻለሁ በይና ውጪ። ሰውዬው ነገ ይሄዳል።»

«ውኃውስ፣ ዲኒ?»

ዲኒ ክንዷን ለቀቀ። ዘመዶቹ ከደባይሲማ በረሃ ግመል እየነዱ ሲመጡ የሚጠጡት ከዚያው ጉድጓድ ነው።

ላቀች ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። «ተሳስቻለሁ» አለች። በሰብሳቢነት የተቀመጠው ክፍሌ በረጅሙ ተነፈሰ።

«የሻሽወርቅ፣ ቃል በቃል ጻፊልኝ» አለች ወደ ጸሐፊዋ ዞራ። «በ1970 ሁለት ቁጥር ጉድጓድ ዘጠኝ ቀን ሲሳብ ውኃው እየመረረ መሄዱን በየጠዋቱ ቀምሼ አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ጉድጓዱ ሞተ። ጥፋቴ ይህ ነው። ሁለተኛ ስለማልደግመው ዛሬ እናገራለሁ፤ አራት ቁጥር ሌሊት ከተሳበ በዓሉ ሳይደርስ ጨው ይሆናል። ሌላ የሚጠጣ ጉድጓድ የለንም። ይህን ሐምሌ 18 ቀን 1976 ለጓድ ክፍሌ በሃያ ሁለት ሰው ፊት ነግሬያለሁ። ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት» አለች የሻሽወርቅ።

ክፍሌ ብድግ አለ። «ይህ ግለሂስ አይደለም! ይሰረዝ!»

«ጥፋትሽን እመኚ አሉኝ፣ አመንኩ» አለች ላቀች። «አሁን ይፈርሙበትና ሞተሩን ሌሊት ያስነሡት። ጉድጓዱ ሲሞት ማን እያወቀ እንደ ገደለው ወረቀቱ ይናገራል።»

ክፍሌ ብዕሩን አወጣ፤ ወረቀቱን አየ፤ ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«እኔ ልፈርም» አለ ዲኒ። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ስሙ ሁለት መስመር ፈጀ። ከቀሩት ሃያ አንዱ አሥራ አራቱ ተከትለውት ፈረሙ። የቀሩት ወለል ወለሉን አዩ። ላቀች አልተቀየመቻቸውም፤ እሷም በ1970 ወለሉን ነበር ያየችው። ማታ ዲኒ ሞተሩን በሰዓቱ አቆመ፤ አስነሣው የሚል ትእዛዝ ከማንም አልመጣም። ክፍሌ በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውሮፕላን ሄደ።

ደብዳቤው ነሐሴ ውስጥ ደረሰ። ጓድ ላቀች «ሞተሩን ሥራ በማስፈታት» ከደረጃዋ ዝቅ ብላ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ርቆ ጥዖ ወደሚገኘው ጣቢያ ተዛውራለች። ስለ ሁለቱ ሄክታር አንድም ቃል የለበትም። ሞተሩ ሌሊት ይሳብ የሚልም የለበትም። ላቀች ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አለቀሰች፤ ቤቷ፣ ጎረቤቷ፣ ሁሉ ነገሯ አሰብ ነው። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ጉድጓዱ ዘንድ ሄደች።

ዲኒ እየጠበቃት ነበር። «ይግባኝ በይ» አላት።

«ጉድጓዱን ካስተረፍኩ በኋላ ምን ብዬ ነው ይግባኝ የምለው?» ብላ ጣሳውን ሞልታ ሰጠችው። «ቅመስ። ከነገ ጀምሮ የምትቀምሰው አንተ ነህ።»

ቀመሰ። «ጥሩ ነው» አለ።

«ጥሩ ሲሆን ማንም ይናገራል» አለች ላቀች ሜትሩን እያስረከበችው። «መርሮህ ዝም ያልክ ቀን ግን ከጥዖ በእግሬ መጥቼ ስብሰባ እጠራብሃለሁ።»