በሻንጣ የተያዘ ወረፋ

ሸሪፍ ከአውሮፕላን ወርዶ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ያየው ሰልፍ ተተርትሮ ቢዘረጋ፣ ከወሰን ተነሥቶ በሾላ ገበያ አልፎ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ይወጣል፤ የተረፈው ደግሞ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ሁለት አውሮፕላን በአንድ ጊዜ አርፎ ነበር። ከአራቱ መስኮቶች የተከፈተው አንዱ ብቻ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ጓድ እያንዳንዱን ፓስፖርት እንደ ፍቅር ደብዳቤ ደጋግሞ ያነበዋል፤ ይገለብጠዋል፤ ብርሃን ላይ ያነሣዋል፤ ባለቤቱን ከእግር እስከ ራሱ ያይና እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል።

የግድግዳው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሸሪፍ ደረት ኪሱን ዳበሰ። ቴሌግራሙ አለ። ባለፈው ዓርብ ምሥራቅ ጀርመን ድረስ ከሚስቱ ከዘሙሩድ የመጣለት ይኸው ወረቀት ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ሊበጠስ ምንም አልቀረው፤ እሱ ግን ከፋቲሃ ቀጥሎ በቃሉ የሚያውቀው ይህንኑ ሆኗል። «ከማለዲን ለውትድርና ተያዘ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ይጫናሉ። ዕድሜውን ያስመዘገበው አባት ራሱ ቀርቦ ያርም ተብሏል። ድረስ።»

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለውትድርና ገና ነው። በቀበሌው መዝገብ ግን አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሁለቱን ዓመት የጨመረለት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አባቱ ነው። ከማለዲን ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ሸሪፍ እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደው። ሰባት ዓመት ያልሞላው አይመዘገብም፤ የሰባት ዓመት ማስረጃው ደግሞ ቀኝ እጅን በአናት ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮን መንካት ነው። የልጁ ጣት ከጆሮው አንድ ስንዝር ራቀ። ሸሪፍ ክርኑን ከኋላ ገፋ አደረገለትና «ጆሮው ወደ ታች ወርዶ ነው እንጂ ዕድሜውስ ሞልቶ ፈሷል!» አለ። መምህሩ ሳቀና መዘገበው። ቀበሌ ሲቋቋምም ሸሪፍ ያንኑ ዕድሜ አስጽፎ ፈረመ። አሁን እናቱ ሄዳ ብትለምን ሊቀመንበሩ፣ «እናትማ ልጇ ሃምሳ ቢሞላውም ገና ነው ትላለች፤ የፈረመው ይምጣ» ብሎ መለሳት።

የፈረመው ግን ኢፋ የሚባለውን የጭነት መኪና ጥገና ሊማር ከተላከ አራተኛ ወሩ ነበር። ፊቱ ቆሞ ያለቀሰበት ሰው፣ የለመነው አለቃ፣ የሳመው ጫማ ስፍር ቁጥር የለውም። የጀርመን በረዶ በእንባው ቀልጧል ቢባል ብዙም አልተጋነነ። በመጨረሻ ትኬቱን አገኘና መጣ። አሁን በእሱና በልጁ መካከል የቀረው ይህ ሰልፍ ብቻ ነው።

ሰልፍ ደግሞ ለሸሪፍ እንግዳው አይደለም። በወሰን ሠፈር እሱን የሚስተካከል ወረፋ አዋቂ አልተወለደም፤ ይወለዳል ተብሎም አይጠበቅም። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ወይ ሳሙና ያመጣል ከተባለ ሠፈርተኛው ከዋዜማው ጀምሮ ድንጋዩን፣ ቅርጫቱን፣ ተረከዝ የሌለው ጫማውን በረንዳው ላይ ደርድሮ ወደ ቤቱ ይገባል። የሸሪፍ ድንጋይ ከእንጦጦ በመኪና ጭኖ ያመጣው ቀይ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ጎረምሳ ካልተጋገዘ አይነሣም፤ ስሙ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ድንጋይ ከተቀመጠ ባለቤቱ መካ ደርሶ ቢመለስ እንኳ ቦታው ቦታው ነው። ተራህ አንተ ሳትኖር ከደረሰ ከኋላህ ያለው ጎረቤት ካርድህን ሰጥቶ ድርሻህን ይቀበልልሃል። ሌባ እንኳ ይህን ሕግ ያከብራል። የሚያስፈራው ሌላ ነበር፤ ያን ሁሉ ጠብቀህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ከውስጥ የምትወጣ አንዲት ቃል፣ «አልቋል»።

ከሸሪፍ ኋላ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል። አቶ ሣህሌ ይባላሉ፤ ከስብሰባ የሚመለሱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው።

«ጡረታዬ ሁለት ወር ቀርቶታል። እዚሁ ሰልፍ ላይ ሳይደርስብኝ አይቀርም» አሉ።

«እኔ ስሰለፍ ጺም አልነበረኝም» አለ ሸሪፍ ጉንጩን እያሻሸ።

«ምነው ሰዓቱን እንዲህ አፈጠጥክበት? ዓይንህ አቆመው እኮ!»

ሸሪፍ ቴሌግራሙን ሰጣቸው። አንብበው ሲመልሱለት ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«ወንድ ስንት አለህ?»

«እሱ ብቻ ነው።»

«እግዜር ይርዳህ። የኔም ሁለተኛው...» ብለው ጀመሩና ግራ ቀኛቸውን አዩ።

አራት ሰዓት ሲሆን አበባ የያዙ ሰዎች መጡ። ከየት እንደሆነ ያልታወቀ ልዑክ ከፊት ገባ። ሰልፉ ቆመ። ሸሪፍ አርባ ኮት ቆጠረ፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አቃተው። ልዑኩ አልፎ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አራት ሰዓት ከአርባ ሆኗል፤ ከፊቱ ገና ስድሳ ሰው አለ።

«ያንን ሄደህ አነጋግረው» አሉ አቶ ሣህሌ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ሰልፉን የሚቆጣጠረውን መኮንን በአገጫቸው እያሳዩ። «እሱም ልጅ ይኖረዋል።»

ሸሪፍ ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለችለት። ሻንጣውን መሬት ላይ አስተካክሎ አቆመ፤ ልክ ድንጋዩን እንደሚያቆመው፣ አፉን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ፓስፖርቱንና የተሞላውን ቅጽ የሻንጣው ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ይኸው ወረፋዬ። እግረ መንገድዎን እየገፉ ያስጠጉልኝ። ተራዬ ከደረሰም ወረቀቱ እዚህ ነው፤ ይስጡልኝ።»

«በል፣ ቶሎ ተመለስ ብቻ» አሉ።

መኮንኑ ቴሌግራሙን አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ስለዚህ ወጣቱ የእናት ሀገርን ጥሪ ተቀብሎ ሊሄድ ነው።»

«አዎ ጓድ።»

«አንተ ደግሞ ልታስቀረው ትቸኩላለህ።»

ሸሪፍ ዐሥር ሺህ ወሬ ከአፉ አጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። አሁን ያገኘው አንዲቱን ብቻ ነው። «ኧረ ልሰናበተው ነው እንጂ ጓድ!» አለ።

«እንግዲያው ተመለስና ሰልፍህን ያዝ። እዚህ ያለው ሁሉ የሚሰናበተው አለው።»

ሲመለስ ሻንጣው የለም። አቶ ሣህሌ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ወለሉን ያያሉ።

«ጋሼ ሣህሌ፣ ዕቃዬስ?»

«ሁለት ዘበኞች መጡ። ‹ይህ የማን ነው?› አሉ።»

«እና?»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «አላውቅም አልኳቸው። የቀረኝ ሌላ ልጅ አለ እኮ ወንድሜ። ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አላውቅም አልኩ።»

ሸሪፍ ዘበኞቹ በየት እንደሄዱ ጠይቆ ሻንጣውን ሊያስመልስ ተከተላቸው።

ባለቤት የሌለው ሻንጣ የሚወሰድበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ጠረጴዛው ላይ ዕቃው ሁሉ ተዘርግቷል፦ የጀርመንኛ የኢፋ መጽሐፍ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ ለከማለዲን የተገዛ ሰማያዊ ሸሚዝ። ሲቪል የለበሰው መርማሪ መጽሐፉን እየገለጠ የሞተሩን ሥዕል ያያል።

«ሻንጣህን ጥለህ የሄድከው ለምንድን ነው?»

«ወረፋ ይዤበት ነው ጌታዬ።»

«በሻንጣ?»

«እኛ ሠፈር በድንጋይ ነው የምንይዘው። እዚህ ድንጋይ አጣሁ።»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «እኛም ሠፈር እንደዚያው ነው» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ መርማሪው። ወደ ሸሪፍ ዞሮም፣ «እውነትህን ሊሆን ይችላል። ግን ኃላፊው ሳያዩት አልለቅህም። ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ።

«መቼ ያበቃሉ?»

«ሲያበቁ።»

ያቺን ወንበር ሸሪፍ በሕይወቱ አይረሳትም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ደቂቃ ሰባት ጊዜ ትወልዳለች፤ የወለደቻቸውም ያረጃሉ። ሸሚዙን ያያል። ሲገዛው ሻጮቹ አንገቱ ይሰፋዋል ብለው ነበር፤ «ያድግበታል» ብሎ ነው የወሰደው። ያ አላህ፣ ያድግበታል!

ኃላፊው መጡ፣ አዩ፣ «ምን ሆኖ ነው ይኼ?» ብለው ወጡ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሸሪፍ ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ ሰልፉ ጭራ ተመለሰ። አቶ ሣህሌ አልፈው ሄደዋል። ማኅተሙ ፓስፖርቱ ላይ ሲያርፍ ሰዓቱ ለስድስት ዐሥራ አምስት ጉዳይ ይላል።

«ወሰን!» አለ ታክሲው ውስጥ እየወደቀ። «ክንፍ ካለው አውጣው!»

«ክንፍስ አለው፣ ቤንዚኑ በራሽን ነው እንጂ» አለ ሾፌሩ፤ ቢሆንም ነዳ።

ሸሪፍ መንገዱን ሙሉ ሒሳብ ሠራ። ቀበሌ ምን በሰዓቱ አድርጎ ያውቃል? የሦስት ሰዓቱ ስብሰባ በአምስት ሰዓት ነው የሚጀመረው። የሰኞ ስኳር ሐሙስ ነው የሚመጣው። መኪናው ይዘገያል፤ ስም መጥራት አለ፤ ንግግር አለ፤ መፈክር አለ። ሰባት ሰዓት ቢሆን ነው። ስምንትም ሊሆን ይችላል!

መገናኛ ሲደርሱ ትራፊኩ አስቆማቸው። ሦስት ኢፋ ሸራ እንደለበሰ በፊታቸው አለፈ። ከሸራው ሥር የሚዘፍን አለ፤ የሚያለቅስም አለ። ሸሪፍ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ሦስተኛው መኪና የነዳጅ መርጫው ተበላሽቷል፤ በድምፁ ብቻ ዐወቀው። አንድ ዳገት ላይ ቀጥ ይላል። አራት ወር ሙሉ ኢፋ እንዳይቆም የሚደረገውን ሲማር የከረመ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት፣ ቁም፣ ቁም፣ በአላህ ቁም እያለ ለመነው። ኢፋው ተንተባተበ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሄደ።

«የሌላ ቀበሌ ይሆናሉ ጋሼ። ዛሬ ከየቦታው ነው የሚጭኑት» አለ ሾፌሩ።

«አዎ፣ የሌላ ናቸው» አለ ሸሪፍ። «የኛ ገና አልተነሣም።»

ቀበሌው ግቢ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደረሰ። በሩ ተከፍቷል፤ አዳራሹም ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የሙዝ ልጣጭና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ወድቋል። ውጪ፣ ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሥር፣ የልጆቻቸውን ዕድሜ ሊመሰክሩና ሊያስተካክሉ የመጡ ወላጆች የደረደሯቸው ድንጋዮች ተሰልፈዋል፤ ሃያ ይሆናሉ። ባለቤቶቻቸው የሉም። ከሁሉም ፊት፣ መስኮቱን ተጠግቶ፣ ያ ቀይ የእንጦጦ ድንጋይ ተቀምጧል። አጠገቡ ዘሙሩድ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ከሱብሒ ሶላት በፊት ነው ያመጣሁት» አለች፣ ሳታየው። «እያንከባለልኩ። አንደኛ ነህ።»

መዳፎቿ ተልጠዋል። ደሙ ደርቆባቸዋል።

«መቼ ሄዱ?»

«ልክ በስድስት ሰዓት። አንድ ደቂቃ አላሳለፉም።»

ቀበሌው ከተቋቋመ ወዲህ በሰዓቱ የተደረገ ነገር ያ ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ላይ ነበር» አለች። «እስከ በሩ ድረስ ‹አባዬ ይመጣል፣ እሱ ወረፋ ያውቃል› ይለኝ ነበር።»

ሸሪፍ ሻንጣውን አስቀመጠ። ከድንጋዩ ኋላ ሄዶ፣ ሰው ከፊቱ እንዳለ ሁሉ፣ ተስተካክሎ ቆመ። መስኮቱን አንኳኳ። ጸሐፊው ኃይለ መስቀል ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ብቅ አለ፤ ሸሪፍን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ።

«ጋሽ ሸሪፍ... መጡ እንዴ?»

«ዕድሜ ላርም ነው የመጣሁት። ከማለዲን ሸሪፍ። አሥራ ሰባት።»

«ሄደዋል እኮ ጋሼ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር። አንድ ቀን አልጨመርኩም። ጻፈው።»

«መዝገቡም አብሮ ሄዷል። እዚህ የሚጻፍበት የለም። አልቋል ጋሼ» አለና፣ መስኮቱን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሸሪፍ ከድንጋዩ ኋላ አልተነቃነቀም። ዘሙሩድ «ና፣ እንሂድ» አለችው። ሁለተኛም አለችው። ከኋላው ሃያ ድንጋይ ተሰልፎ ነበርና ቦታውን ለማንም አልለቀቀም።